ከአዚናራ ግዞት እስከ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት፦ የስንዱ ገብሩ ወንበር

ጥር 1937 ዓ.ም. በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ወሎ ቦረና፣ ጫቃታ ተወልዶ ጎጃም ላይ ጣሊያንን ለአምስት ዓመት መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣው አርበኛ፣ አገሩ ነጻ በወጣች በአራተኛው ዓመት በራሱ መንግሥት ገመድ ሞተ። ደጃዝማች ታከለ ወልደሐዋርያት ደግሞ ከነጻነት በኋላ ሹመትና እስር ሲፈራረቅባቸው ኖረው፣ ኅዳር 1962 ሊይዛቸው ከመጣ ፖሊስ ጋር ሲታኮሱ አለፉ። ሌሎች ብዙዎች ስማቸው ሳይጠራ፣ ቁስላቸውን ይዘው፣ ወደ እርሻቸው ተመለሱ።

መንግሥት ለታገሉለት ሰዎች ያዘጋጀው ሌላም ነገር ነበረ፤ ወንበር። የሚኒስትር ወንበር፣ የአምባሳደር ወንበር፣ የምክር ቤት ወንበር። ፋኖና አርበኛ የሚሉት ቃላት በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠር እንደገና በየሰው አፍ ባሉበት በዚህ ዘመን፣ ስለ ገመዱና ስለ ጥይቱ ብዙ ይወራል። ስለ ወንበሩ ግን ብዙም አይወራም። ጠብመንጃ ወይም ግዞት ቀምሶ የመጣ ሰው ምክር ቤት ሲገባ ምን ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ ከወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የተሻለ ታሪክ የለም። ጣሊያን ያጋዛቸው፣ በኋላም በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያዋ የተመረጠች ሴት እንደራሴ የሆኑት እሳቸው ናቸውና።

ስንዱ ገብሩ በ1908 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ካንቲባ ገብሩ ደስታ የጎንደር ሰው ናቸው። በሚሲዮናውያን እጅ ኢየሩሳሌምና አውሮፓ ተምረው፣ ጀርመንኛን እንደ አፍ መፍቻ የሚናገሩ፣ ለምኒልክም ለተፈሪም ያገለገሉ ባለሟል ነበሩ። በ1911 ደጃዝማች ናደው አባ ወሎ መርተውት አሜሪካ በሄደው የመልእክተኞች ቡድን ውስጥ ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ጋር አብረው ሄደው ፕሬዚዳንት ዊልሰንን አግኝተዋል። እኒህ አባት በዚያ ዘመን ያልተለመደ ነገር አደረጉ፤ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ላኩ። ትልቋ ስንዱ የ12 ዓመት ልጅ፣ ትንሿ የ6 ዓመት ልጅ ነበሩ። ትንሿ የውብዳር ትባል ነበር፤ በኋላ ዓለም በፒያኖዋ ያወቃት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ናት። ዛሬ የሁለቱን እህቶች ስም ከወጣት ፊት ብትጠሩ፣ የሚታወቀው የእማሆይ ነው። የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ እህት መሆኗን ስንቱ ያውቃል?

እህትማማቾቹ በ1925 አካባቢ ወደ አገር ተመለሱ። አገሩም ሕገ መንግሥት አውጥቶ ጠበቃቸው። ሐምሌ 1923 የታወጀው ያ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤት አቋቁሞ ነበር፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። ካንቲባ ገብሩም የሕግ መወሰኛው ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። የሕግ መምሪያው አባላት ግን በሕዝብ አልተመረጡም። ሕገ መንግሥቱ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የአካባቢ ሹማምንቱ ይመርጡለታል ይል ነበር። «እስኪበቃ ድረስ» የምትለዋን ሐሳብ አንባቢ ይያዝልን፤ የኢትዮጵያ ምክር ቤት ታሪክ በሙሉ ከእሷ ውስጥ ነው የወጣው። መቼ እንደሚበቃ የሚወስነውም ሕዝቡ አልነበረም።

ሁለት ዓመት ተኩል እንኳን ሳይቆይ ጦርነቱ መጣ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተፈታ። የጣሊያን ሠራዊት ከኮረም ወደ ደቡብ፣ ዛሬ አስፋልቱ በቆቦ፣ በወልድያና በመርሳ አድርጎ በሚወርድበት አቅጣጫ ገሥግሦ ሚያዝያ 7 ደሴን ያዘ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። ንጉሡ ሲሰደዱ ምዕራቡ ገና በጠላት እጅ አልገባም ነበርና የተማሩ ወጣቶች፣ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት እጩ መኮንኖችና ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ያፈገፈጉ ወታደሮች ወደ ነቀምትና ወደ ጎሬ ተሰበሰቡ። ስንዱም ወደዚያ ከሄዱት መካከል ናቸው፤ ስማቸው ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር አብሮ ይነሳል።

ስለ ጥቁር አንበሳ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። መሪው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ማኅበሩ ሰኔ 1928 ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉ የጣሊያን አውሮፕላኖችን አቃጥሎ፣ አንድ የአየር ኃይል ጄኔራል ያለበትን ቡድን በመደምሰሱ ይታወሳል። ከዚያ ጀግንነት የማያንሰው ግን ያወጣው ባለ አሥር አንቀጽ ደንብ ነው። ደንቡ የፖለቲካው አመራር ከወታደሩ በላይ ነው ይላል። ገበሬውን መበዝበዝና ማንገላታት ይከለክላል። የተማረከ ጠላት በሰብአዊነት እንዲያዝ ያዛል። አስቡት፤ ዋና ከተማው በወደቀበት፣ ስንቅ ባለቀበት፣ የሚያመልጥበትን የሚፈልግ በበዛበት ወር፣ ሃያዎቹን ገና ያላገባደዱ ወጣቶች ቁጭ ብለው ሕግ ይጽፋሉ! ከምክር ቤት በፊት ምክር ቤት ማለት ይሄ ነው። ጦርን የሚያዝዝ ጉባኤ፣ ገበሬውን ከራሱ ወታደር የሚጠብቅ አንቀጽ። አዲስ አበባ ላይ የነበረው ምክር ቤት ይህን ሥልጣን አግኝቶ አያውቅም፤ ከነጻነት በኋላም አላገኘም።

ጥቁር አንበሳ ብዙ አልቆየም። ታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ራስ እምሩ ተከብበው እጃቸውን ሰጡ። ከሁለት ወር በኋላ የካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ፤ ከዚያ በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። የተማረ የተባለ ሁሉ ታደነ። የካንቲባ ገብሩ ቤተሰብ ከወንዶች ልጆቹ ሳይቀር ዋጋ ከፈለ። ስንዱና የቤተሰቡ አባላት ተይዘው ከሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለችው አዚናራ ደሴት ተጋዙ። እማሆይ ከዚያ ኔፕልስ አጠገብ ወዳለ መርኮሊያኖ የተባለ ቦታ መወሰዳቸውን ተናግረዋል። ራስ እምሩ የተጋዙት ፖንዛ ወደምትባል ሌላ ደሴት ነው። ሙሶሎኒ ሐምሌ 1935 ከሥልጣን ወርዶ ሲታሰር እሱም ወደዚያችው ደሴት መወሰዱ የታሪክ ቀልድ ነው።

ስንዱ ሲመለሱ ያመጡት ነገር ቋንቋ፣ ትምህርትና ያልበረደ ቁጣ ነበር። ሴቶችን ወደ ማስተማር ገቡ፤ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ኃላፊ ሆኑ። ትምህርት ቤቱ ስሙን የወሰደው ከአምባሰል ጃንጥራር ልጅ ከእቴጌ መነን አስፋው ነው፤ አምባሰል ደግሞ ለሀብሩ ሰው ወሰን ተሻግሮ ያለ ጎረቤት ነው። እዚያ ትያትር ይጽፋሉ፣ ተማሪዎቻቸው መድረክ ላይ ይወጣሉ። ትያትሩ የአርበኝነት ነው፣ ባለ ታሪኮቹ አገራቸውን የሚሉ ሰዎች ናቸው። በ1942 «የልቤ መጽሐፍ» የሚለውን አሳተሙ። በዚያ ዘመን ሴት ስሟን በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ማተሟ ራሱ ዜና ነበር።

እስከዚህ ድረስ ያለው የጀግና ታሪክ ነው፤ ለመናገርም ቀላል ነው። አስቸጋሪው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ጥቅምት 1948 የዘውድ በዓሉ 25ኛ ዓመት ሲከበር የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ታወጀ። ሕዝቡ አሁን «በቅቷል» ማለት ነው። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሴትም፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴን ይመርጣል። በየ200 ሺህ ሕዝብ አንድ የምርጫ ክልል፣ ከየክልሉ ሁለት እንደራሴ፣ ለአራት ዓመት። ለከተሞች ሌላ ስሌት። የወንበሩ ብዛት 210 ሆነ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 መባቻ ላይ ተካሄደ። ወይዘሮ ስንዱ ተወዳድረው አሸነፉ፤ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆንም ደረሱ። አባት ንጉሥ የሾማቸው የመወሰኛው ምክትል ፕሬዚዳንት፤ ልጅ ሕዝብ የመረጣቸው የመምሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በሩብ ምዕተ ዓመት የተሄደው መንገድ ቀላል አይደለም። ይህን ማሳነስ ተገቢ አይሆንም።

ግን ወንበሩ ምን ላይ ቆሞ ነበር?

አንደኛ፣ ፓርቲ የለም። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ብቻውን ይወዳደራል፣ ብቻውን ይመረጣል፣ ብቻውን ይገባል። ሁለተኛ፣ ለመወዳደር በምርጫ ክልሉ ንብረት ሊኖርህ ይገባል። በየጁ አውራጃ፣ ሀብሩ ቆላ ውስጥ የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ድምፁን ሊሰጥ ይችላል፤ ባለመሬቱን ሊመርጥ ማለት ነው። ራሱ ሊወዳደር ግን አይችልም። ሦስተኛ፣ ምክር ቤቱ ሚኒስትር አይሾምም፣ ሚኒስትር አይሽርም። ሚኒስትሩ ተጠያቂነቱ ለንጉሠ ነገሥቱ ነው። ምክር ቤቱ ያሳለፈው ሕግ ንጉሡ ካልፈቀዱ ሕግ አይሆንም፤ ንጉሡ ካሻቸው ምክር ቤቱን መበተን ይችላሉ። ከጎኑ ያለው የሕግ መወሰኛ ደግሞ ቁጥሩ ከእንደራሴዎቹ ግማሽ ሳይበልጥ ንጉሡ ለስድስት ዓመት የሚሾሟቸው ሰዎች ስብስብ ነው።

እንግዲህ ከአዚናራ የተመለሰች ሴት ወደዚህ ቤት ገባች። ምን ታድርግ?

ነገሩ የበለጠ የሚታየው ከሕንድ ጋር ሲነጻጸር ነው። የተመረጠችው አገር በዘፈቀደ አይደለም። ስንዱ በተመረጡበት በእ.ኤ.አ. 1957 ሕንድም ሁለተኛ ጠቅላላ ምርጫዋን አካሂዳ ነበር፤ ከኒው ዴልሂ ካሸነፉት አንዷም ሱቼታ ክሪፕላኒ ናት። የሁለቱ ሴቶች ሕይወት እስከ ምክር ቤቱ በር ድረስ ይመሳሰላል። ሱቼታም መምህር ነበረች። እሷም እንግሊዝን «ሕንድን ለቀህ ውጣ» ባለው እንቅስቃሴ ውስጥ በኅቡዕ ሠርታ በ1944 ታስራለች። ነጻነት በታወጀበት በነሐሴ 1947 ሌሊት በሕገ መንግሥት ጉባኤው አዳራሽ ውስጥ ብሔራዊ ዝማሬ ያሰማችው እሷ ናት።

ልዩነቱ ከበሩ በኋላ ነው። ሱቼታ ከእስር ቤት ወደ ምክር ቤት የሄደችው ብቻዋን አልነበረም፤ በኮንግረስ ፓርቲ ውስጥ አልፋ ነው። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1885 የተመሠረተ፣ በየመንደሩ ቅርንጫፍ፣ በየቅርንጫፉ መዋጮ ሰብሳቢ፣ በየእስር ቤቱ አባል ያለው ድርጅት ነው። የሴቶች ክፍሉን በ1940 ያደራጀችው ራሷ ሱቼታ ናት። ዋናው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ በመጀመሪያው ምርጫ ባሏ የመሠረተውን ተቃዋሚ ፓርቲ ይዛ፣ በዋና ከተማው፣ በኔህሩ አፍንጫ ሥር፣ የኮንግረስን ተወዳዳሪ አሸነፈች። ማንም አላሰራትም። በኋላ ወደ ኮንግረስ ተመልሳ በ1957 እንደገና አሸነፈች። በ1963 የኡታር ፕራዴሽ ዋና ሚኒስትር ሆነች፤ በሕንድ ይህን ሥልጣን የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። የክልሉ ሠራተኞች 62 ቀን ሥራ ሲያቆሙባት አልተንበረከከችም። ጥሩ አደረገች መጥፎ ሌላ ክርክር ነው፤ ነገር ግን ውሳኔው የእሷ ነበር። ውሳኔው የአንዲት የተመረጠች ሴት ነው የተባለበት ቤት ነበረ።

የሕንድ ምክር ቤት የጻድቃን ቤት አልነበረም። ኮንግረስ ራሱ ቀስ በቀስ የአንድ ቤተሰብ ርስት ወደ መምሰል ሄዷል። ሆኖም የነጻነት ታጋዩ ድርጅቱን ይዞ ነው ወደ ሥልጣን የመጣው። የኢትዮጵያ አርበኛ ግን በ1933 ትጥቁን ሲያስረክብ የተረፈው ድርጅት አልነበረም። ጥቁር አንበሳ ከጎጀብ በኋላ አልተነሳም። የነጻነቱ ባለቤት ማነው በሚለው ላይ አርበኛ፣ ስደተኛና ባንዳ ተፋጠጡ፤ ዳኛው ንጉሡ ሆኑ። ዳኛውም ሁሉንም በየወንበሩ አደላደሉ፣ ማንም ግን ከማንም ጋር ማኅበር እንዳይመሠርት አደረጉ። በፖለቲካ ብልሃት ረገድ ድንቅ ሥራ ነው። ውጤቱ ግን አገሪቱ ጀግና እንደራሴዎች ኖሯት፣ እንደራሴዎቹ ግን ከኋላቸው የሚቆም ድርጅት ያጡባት መሆኑ ነው።

ይህ ለየጁ ገበሬ ምን ማለት እንደነበር ከሁለት ዓመተ ምሕረቶች መረዳት ይቻላል። የጁ በ1940 አመጸ። ሰዉ በሹማምንቱ በደል ተማርሮ ነበር የተነሳው። በዚያን ጊዜ «እንደራሴህን ምረጥና አቤት በል» ሊባል አይችልም፤ የሚመረጥ እንደራሴ የለምና። የጁ በ1962 እንደገና አመጸ። በዚህ ጊዜ ግን ምክር ቤቱ አራተኛ ምርጫውን ጨርሷል። የጁም እንደ ሌላው አራት ጊዜ ድምፅ ሰጥቷል። በመካከሉ 22 ዓመት አልፏል፣ ሕገ መንግሥት ተሻሽሏል፣ 210 ወንበር ተዘርግቷል፤ ገበሬው ግን መፍትሔ ይገኝበታል ብሎ ያመነው መንገድ ያው የድሮው ነው። ከዚህ በላይ ስለዚያ ምክር ቤት የሚመሰክር ሰነድ መፈለግ አያስፈልግም።

ጎጃም ውስጥም እንዲሁ ነው። በኅዳር 1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። እንደራሴዎቹ ተከራክረው፣ አሻሽለው ያሳለፉት አዋጅ ነው፤ በምክር ቤቱ ታሪክ ብዙ ከተሠራባቸው ሕጎች አንዱ ነው ማለት ይቻላል። ገበሬው ግን መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነጠቅ ነው ብሎ ጠብመንጃ አነሳ። አውሮፕላን ድረስ ተላከበት። በመጨረሻ ንጉሡ ያልተከፈለውን ግብር ማሩና ነገሩ በረደ። እንደራሴዎቹ ሕጉን አወጡ፣ ጦሩ ሕጉን ሊያስከብር ሄደ፣ ምሕረቱን ደግሞ ንጉሡ ሰጡ። ገበሬው ከዚህ የተማረው ግልጽ ነው፤ የሚፈራው ጦሩን፣ የሚለምነው ንጉሡን ነው፣ እንደራሴው የት ላይ ነው ያለው?

የጭሰኛው ጉዳይ ደግሞ ጭራሽ አልተነካም። የባለመሬቱንና የጭሰኛውን ግንኙነት ለማሻሻል የቀረቡ ረቂቆች ከመወሰኛው እስከ መምሪያው ሲንከባለሉ እስከ 1966 ሳይጸድቁ ቀሩ። ለመወዳደር ንብረት ያስፈልጋል ከተባለ በኋላ ይህ ሊያስገርም አይገባም። ባለመሬት የሞላበት ቤት በራሱ ላይ እንዲፈርድ መጠበቅ ነበር።

ወይዘሮ ስንዱ በዚህ ሁሉ ምን ያህል ታገሉ፣ ምን ያህል ዝም አሉ የሚለውን በአንድ ቃል መደምደም ለእሳቸው ፍትሐዊ አይሆንም። የሴቶች ትምህርትና መብት ድምፅ እንደነበሩ አያጠያይቅም። ነገር ግን ጉዟቸውን ተመልከቱ። ከምክር ቤቱ በኋላ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ገቡ፣ ቀጥሎ ጀርመን ቦን ወዳለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተላኩ። የአባታቸው ቋንቋ፣ የልጅነታቸው ትምህርት እዚያ ጠቀመ። ለአንድ ዲፕሎማት መልካም ሹመት ነው። ለአንዲት የተመረጠች እንደራሴ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ሱቼታ አንድ ወንበር ስትለቅ ቀጣዩን የምታገኘው ከመራጭ ነው፤ ስንዱ ቀጣዩን የሚያገኙት ከሿሚ ነው። በምርጫ የገባ ሰው በሹመት ይወጣል።

ሐዲስ ዓለማየሁም በሌላ በር እዚያው ደርሰዋል። ከራስ እምሩ ጋር ሽሬ የዘመቱት፣ ከእሳቸው ጋር ተማርከው ፖንዛና ሊፓሪ የተጋዙት የጎጃሙ ሰው፣ ከዲፕሎማትነትና ከሚኒስትርነት በኋላ እስከ 1966 የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ነበሩ። ሐዲስ በዚያ ወንበር ላይ የተናገሩትን ዛሬ ማንም አያስታውስም። ጭሰኛና ባለርስት ስለሚሉት ዓለም የተናገሩትን ግን አገር በሙሉ ያውቀዋል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ነው ያለው። አንድ የሕግ አውጪ ስለ ሥርዓቱ የሚያስበውን ምክር ቤት ውስጥ ሳይሆን ልቦለድ ውስጥ ማስቀመጡ፣ የሰውየው ድክመት ሳይሆን የቤቱ ነው።

የቤቱ ባዶነት መጨረሻ የታየው እዚሁ ወሎ ላይ ነው። በ1965 ከራያ እስከ የጁ ያለው የቆላ ጠርዝ ዝናብ አጥቶ ተመታ። የተራበው ሰው ከሀብሩና ከአካባቢው ወጥቶ ወደ ዋናው መንገድ መጣ፤ በቆቦ፣ በወልድያ፣ በመርሳ ዳር ወደቀ። በሚያዝያ 1965 ወሎን አይተው የተመለሱ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ግቢያቸው ውስጥ አሳዩ። ተማሪዎች ተቃወሙ። በዚያው ክረምት መግቢያ፣ ሰው በየመንገዱ እየሞተ፣ አምስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ተካሄደ። ያን ምርጫ ያካሄደው መንግሥት ረሃቡን ለዓለም አልተናገረም። ጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የቀረጸው ፊልም በቴሌቪዥን እስኪታይ ድረስ ዓለም አላወቀም። ለመንገር የመጀመሪያዎቹ መምህራን፣ ተማሪዎችና አንድ የውጭ ጋዜጠኛ ሆኑ። ሚኒስትር የመሻር ሥልጣን የሌለው ምክር ቤት ሚኒስትሩ ለምን ደበቀ ብሎ ምን ሊያደርገው ይችላል?

እንግዲህ መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ንጉሡን ሲያወርድ ምክር ቤቱንም አብሮ ዘጋው፣ ሕገ መንግሥቱንም አገደ። ንጉሡን ለማውረድ ወራት የፈጀ ዝግጅት አስፈልጓል፤ ኮሚቴ፣ ፊልም፣ ሰልፍ፣ የመኳንንት እስር። ምክር ቤቱን ለመዝጋት ግን አንድ አዋጅ በቃ። እንደራሴዎቹን ለማስመለስ የተነሳ አውራጃ አልነበረም፤ አምስት ጊዜ ድምፅ የሰጠው የጁም፣ ግብሩን አልከፍልም ብሎ የተዋጋው ጎጃምም ለእነሱ ጠብመንጃ አላነሱም። ስልሳ የሚሆኑ የንጉሡ ባለሥልጣናት ኅዳር 14 ቀን ሲረሸኑ የክሱ አንዱ ርእስ የወሎ ረሃብ ነበር።

ራስ እምሩን ያከበረ ሁሉ ንጉሡንም አልጠላም፤ ወይዘሮ ስንዱም ዘውዱን ከካዱት ወገን አልነበሩም። ደርግን አልፈው፣ የኢሕአዴግንም ዘመን አይተው፣ በ93 ዓመታቸው በ2001 ዓ.ም. አረፉ። እህታቸው እማሆይ 14 ዓመት ቆይተው በ2015 ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፉ፤ የሞታቸው ዜና በትልልቅ የዓለም ጋዜጦች ወጣ።